ማህተሙን አይተናል፣ ውሉን ግን አላየንም

ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ላይ ለጭነት መኪና ባለንብረቶችና ለነጋዴዎች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። "በጽሑፍ አድርግልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ አሰናድቼዋለሁ። አነጋገሩን ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ብርዱን ተቋቁማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢያችሁን እንዳታወልቁ፤ እኔም ካፖርቴን አላወልቅም።

የተጠራሁት "ስለ ኢንቨስትመንት አውራልን" ተብዬ ነው። እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት በሒሳብና በኦዲት ሥራ ቆይቼ ተመልሻለሁ። አሁን ከእህቴ ባል ጋር አንድ አይሱዙ አለን። ኦዲተር እንደነበርኩ የምነግራችሁ ለኩራት አይደለም። ኦዲተር ሆኜ ነው የተበላሁት።

ከመንዝ የመጣችሁ አላችሁ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። ጥሩ። ገበያ ወጥታችሁ በግ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? ባለበጉ "ይሄ በግ ስብ ብቻ ነው" ይላችኋል። ትሰሙታላችሁ። እጃችሁ ግን በጉ ወገብ ላይ ነው። ላቱን ከፍ አድርጋችሁ ትመዝናላችሁ። ከንፈሩን ገልጣችሁ ጥርሱን ታያላችሁ። ባለበጉ ይቀየማል? አይቀየምም። ባትዳብሱት ነው የሚገርመው፤ "ይሄ ሰውዬ ሊገዛ አልመጣም" ይላል።

አክሲዮን ስንገዛ ግን እጃችንን ኪሳችን ከተትን። ሰውየው ይቀየማል ብለን ፈራን።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። አንድ ትንሽ የመኪና መከታተያ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ባለቤቱ የአገራችን ልጅ ነው። አባቱን የሚያውቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ምሳ ጠራን፤ ክትፎ በላን። ከምሳ በኋላ ፓወር ፖይንት አበራ። "ለመሥራቾች በቅናሽ አክሲዮን እንሸጣለን፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ" አለ። ሦስት ውል አለን አለ። አንዱ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ነው፣ 3,000 መኪና። ሁለተኛው ከአንድ የጭነት ማህበር ጋር። ሦስተኛው "ከሳተላይቱ ጋር"።

ከመሃላችን አንዱ ደፈር ብሎ "ውሉን ማየት ይቻላል?" አለ። ባለቤቱ ፈገግ አለ። ቦርሳውን ከፈተ። ሰማያዊ ክላሰር አወጣ። ወረቀቱን ገለጠና በግራ መዳፉ ሸፈነው። ከጣቶቹ በታች ክብ ማህተም ታየ፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ዳር ዳሩ ትንሽ የፈሰሰ። "ይቅርታ፣ ምስጢራዊ ስለሆነ ነው" አለ። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። ማህተም አይተናላ! እኛ አገር ማህተም ያለበት ወረቀት ማን ይጠይቃል?

200,000 ብር ከፈልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። "ሥራችንን በቀጥታ እናሳያችኋለን" ተባለ። ያን ቀን የእህቴ ባል ሾፌራችንንም ይዞት መጣ፤ ትራከሩን፣ መከታተያውን ማለት ነው፣ እሱ ነው የሚጠቀምበት ብሎ። ካርታው ተከፈተ። አንዲት ቀይ መኪና ከሸዋ ሮቢት ተነስታ፣ ደብረ ሲናን አልፋ፣ ወደ ጣርማበር ትወጣለች። ከጎኗ "ጭነት፦ ሽንኩርት፣ ፍጥነት፦ 74" ይላል። ሾፌራችን አፉን በእጁ ይዞ ይንፈቀፈቃል። "ምን ያስቅሃል?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ጋሼ፣ ጭነት የያዘ አይሱዙ ጣርማበርን በ74 ከወጣማ እኔ ነገ አውሮፕላን እነዳለሁ" አለኝ።

ከዚያ መኪናዋ ዋሻው ጋ ደረሰች። ጣሊያን የቆፈረው፣ ሁላችሁም የምታልፉበት ዋሻ። ዋሻ ውስጥ የሳተላይት ምልክት አይገባም። ትራከሩ እዚያ ጋ ይታወርና ሲወጣ ዓይኑ ይበራለታል። አንዳንድ ካርታ የጠፋውን መሃል በመስመር ስለሚሞላው ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፍጥነቷ ግን ዋሻው ውስጥም 74 ነው። ከመታጠፊያው በፊትም 74፣ ከመታጠፊያው በኋላም 74። ለካ ቀድሞ የተቀረጸ ማሳያ ነው። እኔ ስላይዱ ላይ ያለውን ሚሊዮን ስደምር ሾፌራችን አንድ ቁጥር አይቶ ጨረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። በመጀመሪያ ይሄ ዕቃ ምን እንደሆነ ላውቅ ብዬ አንዱን ትራከር ጋራዥ ወስጄ አስፈታሁት። እስቲ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዕቃውን ያወቀ ሰው ስለ ውሉም ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት። ቀዩ ሽቦ ወደ ባትሪ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ወደ ቦዲ። ሦስተኛው ከቁልፉ ጋር ይያያዛል፤ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ የሚያውቀው በሱ ነው። ሞተር ከሩቅ ማጥፋት የሚችለው ዓይነት ደግሞ ሪሌ የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ ይታሰርለታል። ውስጧ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የጂፒኤስ መቀበያ ነው። ሁለተኛው እንደ ተራ ስልክ ነው፤ ሲም ካርድ አለው።

ብዙ ሰው ሳተላይቱ መኪናውን የሚያየው ይመስለዋል። አያየውም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆነው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ "እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱ ይሄ ነው"። ሳጥኗ ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ሰምታ የት እንዳለች ራሷ ታሰላለች። ከዚያ ያሰላችውን በሲሟ፣ በተራው የሞባይል ኔትወርክ፣ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ትልካለች። እናንተ በስልካችሁ የምታዩት ከዚያ የመጣ ነው።

የጂፒኤስ ምልክት ደግሞ ነጻ ነው። አሜሪካኖቹ ለሲቪሉ ሆን ብለው ያደበዝዙት የነበረውን እንኳን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ትተውታል። ክፍያ የለውም፣ ምዝገባም የለውም። ከሱ ጋር ውል አለኝ ማለት ከፀሐይ ጋር ውል አለኝ እንደማለት ነው። በእርግጥ ኔትወርክ በሌለበት በረሃና ባህር ላይ መረጃውንም በሳተላይት የሚልክ ሌላ ዕቃ አለ። እሱ ውድ ነው፤ የአየር ሰዓት ይከፈልበታል። የኛ ሳጥን ግን ስትፈታ ከሆዷ የወጣው ተራ ሲም ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ እኛ በብር ገዛናት።

እንግዲህ አስቡት። እያንዳንዱ የተገጠመ ትራከር ከኋላው ዱካ ይተዋል። ከውጭ የገባ ነው፤ ስለዚህ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለ። የቴሌኮም ዕቃ ስለሆነ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዓይነቱን ማጽደቅ አለበት። ሲም አለው፤ ስለዚህ ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም የወር ሒሳብ ይመጣል። አንድ ሰው መኪናው ሥር ተኝቶ ገጥሞታል፤ ስለዚህ ታርጋ የተጻፈበት የሥራ ካርድ አለ። ደንበኛው በየወሩ ይከፍላል፤ ስለዚህ ደረሰኝ አለ። ከትራከር ድርጅት የበለጠ ለማጣራት የሚቀል ንግድ አላውቅም። የሰው መኪና የት እንዳለ በሰከንድ እነግራለሁ የሚል ድርጅት የራሱን ውል የት እንዳስቀመጠው ሲጠየቅ ላብ ካጠመቀው፣ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ከዚያ ሒሳብ ሠራሁ። ዘግይቼ ነው፣ ግን ሠራሁ። ጎበዝ ኤሌትሪሻን ኳድሮ ፈቶ፣ ሽቦ አሳልፎ፣ ሞክሮ እስኪያስረክብ፣ ቢፈጥን በቀን አራት መኪና ይጨርሳል። ድርጅቱ ያለው ሁለት ኤሌትሪሻን ነው። በቀን ስምንት ማለት ነው። 3,000ን ለስምንት ስናካፍል 375 የሥራ ቀን ይመጣል። እሑዱን፣ በዓላቱን፣ ለቅሶውን ጨምሩበት። ስላይዱ ላይ ግን "በሦስት ወር ተጠናቋል" ይላል።

ወርሃዊ ክፍያውስ? በመኪና 400 ብር ነው ብሎን ነበር። በ3,000 ሲባዛ በወር 1,200,000 ብር። ቫቱ ብቻ 180,000 ብር ይሆናል። "ለገቢዎች በየወሩ ያስታወቃችሁትን ሽያጭ አሳየኝ" አልኩት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ ስለ ውጭ አገር ሸሪኮቹ አወራልኝ። ይሄንን ጥያቄ በደንብ ያዙት። እዚህ አገር፣ እርስ በርሳችን ስንነጋገር፣ አንዳንዱ ነጋዴ ለገቢዎች ሲሆን ድሃ ነው፣ ለባለአክሲዮን ሲሆን ባለጸጋ። "እውነቱ መሃል ላይ ነው" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ያልሸጠውን ዕቃ ሽጫለሁ ብሎ ቫት የሚከፍል ሰው በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ እንደተቋረጠ፣ ለብዙ ወራትም እንደቆየ ታስታውሳላችሁ። የድርጅቱ ሪፖርት በነዚያው ወራት "በክልሉ የሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎችን ያለማቋረጥ በቀጥታ ተከታትለናል" ይላል። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በኤስኤምኤስ የሚልክ ትራከር አለ። ስለዚህ ጠየቅሁት። "የኛ ዘመናዊ ነው፣ በዳታ ብቻ ነው የሚሠራው" አለኝ በኩራት። ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

"ውል" የሚለው ቃል እኛ ጋ ሁሉንም ይሸከማል። ደብዳቤ ጻፍን፣ ውል ነው። ቡና ጠጣን፣ ውል ነው። እስቲ በጋብቻ ላስረዳ። የመግባቢያ ሰነድ ማለት ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌ የላከ ሁሉ አላገባም። የሙከራ ሥራ፣ ፓይለት የሚሉት፣ እጮኝነት ነው፤ አንዳንዱ እጮኝነት አሥር ዓመት ይፈጃል። ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ ድንኳን ተክሎ ሙሽራ መጠበቅ ነው። ዋጋው ተቆርጧል፣ ብዛቱ ግን ገዢው ሲፈልግ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቃል አለች፣ "እስከ" የምትባል። "እስከ 3,000 ተሽከርካሪ" ተብሎ የተጻፈ ነገር ዜሮ መኪና ቢታዘዝም አልፈረሰም። ስላይድ ላይ ሲደርስ ግን "እስከ" ትወድቅና 3,000 ብቻውን ይቀራል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ሲሆን ደግሞ በቃል ውል የሚባል ነገር የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1724 ከመንግሥት አስተዳደር ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በዚያ ላይ ጨረታ ያሸነፈ ሰው የውል ማስከበሪያ ያስይዛል፤ የባንክ ዋስትና ወይም ሲፒኦ። እናንተ ጨረታ የምትገቡ ይሄን ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ባንኩ ያለ መያዣ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ "ውሉ ምስጢር ነው" የሚላችሁን ሰው "እሺ፣ ውሉ ይቅር፤ ማስከበሪያውን ከየትኛው ባንክ አወጣህ?" በሉት። እኔ እንዲህ ብዬ ስጠይቀው ስልኩ ጠራ። ማለቴ፣ ጠራልኝ ብሎ ወጣ።

ምስጢር የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ዋጋውን ተፎካካሪ እንዳያይበት የሚደብቅ ነጋዴ ልክ ነው። ዋጋውን ይሸፍን። የደንበኛውን ስም፣ ቀኑን፣ ፊርማዎቹን ያሳይ። የኛ ሰው የሸፈነው ተገላቢጦሹን ነው፤ ማህተሙን ትቶ ሌላውን በሙሉ።

በመጨረሻ ራሴ ሄድኩ። አዲስ አበባ፣ መሥሪያ ቤቱ ድረስ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ አንዱ ቀን ስብሰባ፣ ሌላው ቀን መብራት የለም። በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አዘነችልኝ መሰለኝ የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን አወጣች። ቁጥሩንና ቀኑን ከባለቤቱ ስላይድ ላይ ጽፌ ይዤ ነበር። ጣቷን እያስኬደች ወረደች። ቆመች። "ይኸው፣ እነሱ ያስገቡት ደብዳቤ ነው" አለች።

እነሱ ያስገቡት። ድርጅቱ ራሱ የጻፈው የአገልግሎት ማቅረቢያ ደብዳቤ። "እስከ 3,000 ተሽከርካሪ ማቅረብ የምንችል መሆኑን እየገለጽን" ይላል። ደብዳቤ ስናስገባ አንድ ኮፒ ለራሳችን "ደርሶናል" ብለው ማህተም ያደርጉልን የለ? በመዳፉ ሸፍኖ ያሳየን እሱን ነበር። ማህተሙ እውነተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱም እውነተኛ ነው። ከላይ የተጻፈው ግን የራሱ ልመና ነው።

ከማህበሩ ጋር ያለውስ? እሱ እንኳ በከፊል እውነት ሆኖ ተገኘ። ስድስት መኪና ላይ በነጻ ለሙከራ ተገጥሟል። ሁለቱን ሾፌሮች አናግሬያቸዋለሁ፤ ዕቃው ይሠራል አሉኝ። ይሄንን የምነግራችሁ ሰውየውን ሌባ ብላችሁ እንዳትጨርሱት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ መጀመሪያ ራሱም አምኖ ነበር። ደብዳቤ ሲያስገባ "ነገ ይፈረማል" አለ። ነገ ሲደርስ የቤት ኪራይ መጣ፣ ደሞዝ መጣ። "ይፈረማል" ቀስ ብላ "ተፈርሟል" ሆነች። የሚለያዩት በጥቂት ፊደል ነው። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ይሄ የኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ሎርድስታውን የሚባል የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ድርጅት ነበር። ወደ 100,000 የሚጠጋ ቅድመ ትዕዛዝ አለኝ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሂንደንበርግ የተባለ መርማሪ ድርጅት ሪፖርት አወጣ። 14,000 መኪና አዟል የተባለው ደንበኛ አድራሻው ቴክሳስ ውስጥ አንዲት የመኖሪያ አፓርታማ ናት፣ የሚያሰማራው መኪናም የለውም አለ። በዚያው ዓመት የድርጅቱ ኃላፊ ለቀቀ፤ በ2023 ድርጅቱ ከሰረ። ልብ በሉ፣ መርማሪዎቹ የሠሩት ያንኑ የኔን ሥራ ነው። እኔ መዝገብ ቤት ሄድኩ፣ እነሱ አፓርታማ።

ኒኮላ የተባለው የከባድ መኪና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። መኪናው አስፋልቱ ላይ ይፈሳል፤ ያምራል። በ2020 ሲጋለጥ ለካ ቁልቁለት ላይ ወጥቶ የተለቀቀ ነው። ድርጅቱ ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? "በራሱ ኃይል ነው የሚሄደው አላልንም።" ኧረ! ጣርማበር ላይ ፍሬን ቢለቀቅማ ሞተር የሌለውም ወደ ሮቢት ይወርዳል። መሥራቹ ትሬቨር ሚልተን በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2025 ይቅርታ ተደረገለት። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ።

ለኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የእንግሊዙ ኩዊንደል ነው። ለንደን ውስጥ ለትናንሽ ኩባንያዎች በተከፈተው ገበያ ላይ የነበረ ድርጅት ነው። ከሥራዎቹ አንዱ መኪና ላይ ጥቁር ሳጥን መግጠም ነበር፤ ኢንሹራንሶች የሾፌሩን አነዳድ እንዲያዩበት። ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ጎታም ሲቲ የሚባል ቡድን የድርጅቱ ትርፍ የተጋነነ ነው ብሎ ጻፈ። በአንድ ቀን አክሲዮኑ ከሲሶ በላይ ወረደ። ድርጅቱ ተቆጣ፣ ካደ። በ2015 ግን የ2013 ሒሳቡን እንደገና ሠራው። 83 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ የተባለው 68 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ ሆኖ ወጣ። ያ ሒሳብ በትልቅ ኦዲተር የተፈረመ ነበር። እኔ ኦዲተር ነበርኩ፤ ይሄንን ስነግራችሁ ደስ እያለኝ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ሂንደንበርግም ጎታምም ጻድቃን አይደሉም። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አክሲዮን ተውሰው ይሸጣሉ፤ ሪፖርታቸውን ያወጣሉ፤ ዋጋው ሲወርድ በርካሽ ገዝተው ይመልሳሉ። ልዩነቱ ኪሳቸው ይገባል። ስለዚህ የተጠራጣሪም ኪስ ይታያል። እኛ ሰፈርም "ያ ድርጅት ባዶ ነው" የሚላችሁ ሰው ወንድሙ ሌላ ትራከር ይሸጥ እንደሆን ጠይቁ። የሱንም ላት ዳብሱ።

እኔ ራሴ ከተበላሁ በኋላ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ። እዚሁ ከተማ አንድ ልጅ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ባጃጅ ላይ ትራከር እየገጠመ ነበር። "አርባ ባጃጅ አለኝ፣ ዕቃ መግዣ አንሶኝ ነው፣ ግባ" አለኝ። "ውል አለህ?" አልኩት። የለውም። ፓወር ፖይንት የለውም። ያለው ባለመስመር ደብተር ነው። የባጃጁ ታርጋ፣ የባለቤቱ ስልክ፣ የከፈለበት ቀን። አንዳንዱ መስመር ላይ በቀይ "አልከፈለም፣ ጨቅጫቃ" ተጽፏል። ውል የለህም ብዬ መለስኩት። አሁን ሥራው ሰፍቶ ሁለት ልጆች ቀጥሯል። ያ ደብተር እኮ ካየኋቸው ስላይዶች ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነበር። ማን እንዳልከፈለ የሚጽፍ ሰው የከፈለውንም አይፈጥርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሳላይ ጠርጥሬ ተመነጠርኩ።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው፤ ረጅም ነው። አሁን ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ስለ ድርጅቱ የሚገልጽ ሰነድ ለባለሥልጣኑ አስገብቶ ማስጸደቅ አለበት። አክሲዮን የሚገበያይበት ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እንኳን አንዱን አክሲዮን 300 ብር ብሎ ሲሸጥ የሚነበብ ሰነድ አቅርቧል። ኢትዮ ቴሌኮም የተጠየቀውን፣ ሁለት ኤሌትሪሻን ያለው ድርጅት በክትፎ ሲያልፈው ዝም አትበሉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከሆነ ደግሞ አባላቱ ከ50 መብለጥ አይችሉም። እኛ የምሳው ቀን ብቻ ስልሳ ምናምን ነበርን። ቆጥሬ ብሆን ኖሮ እዚያው አውቅ ነበር።

አንድ የቀረች ነገር። ውሉ እውነት ቢሆንስ? ተፈርሞ፣ ታትሞ፣ ማስከበሪያው ተይዞ። አሁንም አላለቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተቀየረ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ትራከሩ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ውሉ የተፈረመው በብር ነው። ከዚያ በፊት ዋጋ ቆርጦ ዕቃውን ገና ያላስገባ ድርጅት፣ ውሉ በበዛ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል። ስለዚህ "ስንት ውል አለህ" ብቻ ሳይሆን "ዕቃው ገብቷል ወይስ ገና ነው፤ ዶላሩ ሲጨምር ዋጋው ይጨምራል ወይ" በሉ። እውነተኛ ውል ይዞ የወደቀ ድርጅት አለ። እሱ ያሳዝነኛል፤ አልዋሸም።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ ልቀበል አልኩ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ እናት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ብሩ ተመለሰ?"

"70,000 ተመልሷል እማማ። በአራት ጊዜ።"

"የቀረውስ?"

"ቼክ ሰጥቶኛል።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

አንድ ወጣት ደግሞ "የእርስዎ አይሱዙስ ትራከር አለው?" አለ። አለው። ያ የባጃጁ ልጅ ነው የገጠመልኝ፤ ይቅርታ ጠይቄው። ስልኬን አወጣሁና ወርጄ ለእማማ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

"ሰማያዊዋ ነጥብ ናት?"

"አዎ። ጫጫ ላይ ናት። 40 ደቂቃ ሆኗታል ከቆመች።"

"እስቲ ደውልለት" አሉኝ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ሾፌራችን አፉ ሙሉ ነው። "ጫጫ ነኝ ጋሼ፣ ምሳ እየበላሁ" አለ።